የመግቢያ ባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍን ጥራት ለመመዘን የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ

ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሆን የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ የሚመርጡ መምህራንና ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ ከፊታቸው የተደረደሩትን መጻሕፍት ያገላብጡና የሥዕሎቹን ውበት፣ የምዕራፎቹን ብዛትና የማውጫውን ሙሉነት አይተው ይወስናሉ። ይህ አካሄድ ጊዜ ቢቆጥብም ዋናውን ነገር አያሳይም፤ የመግቢያ ባዮሎጂ መጻሕፍት በርዕስ ደረጃ እጅግ ይመሳሰላሉና። ሁሉም ስለ ሕዋስ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ኢቮሉሽን፣ ስለ ዕፀዋት፣ ስለ ሰው አካልና ስለ ሥነ ምህዳር ምዕራፍ አላቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው አንድን ሂደት ከመነሻው እስከ መድረሻው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው መንገድ መጽሐፉን በሙሉ ከማገላበጥ ይልቅ ጥቂት ቦታዎችን መርጦ ቃል በቃል ማንበብ፣ በእነዚያም ቦታዎች መጽሐፉ የሕይወት ሂደቶች እንዴት እንደሚሠሩና ይህም እንዴት ሊታወቅ እንደቻለ በትክክል ማስረዳቱን መመርመር ነው።

1. አንባቢውን በጽሑፍ ይወስኑ

መጻሕፍቱን ከመክፈትዎ በፊት ተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ። ቀደም ሲል ኬሚስትሪ ተምረዋል ወይስ አልተማሩም? የሚማሩበት ቋንቋ የአፍ መፍቻቸው ነው ወይስ ሁለተኛ ቋንቋቸው? ቤተ ሙከራ አላቸው? ትምህርቱ ስንት ሰዓት ይሰጣል? ከዚህ በኋላ ወደ ሳይንስ ዘርፍ የሚገቡ ናቸው ወይስ ይህ የመጨረሻ የባዮሎጂ ትምህርታቸው ነው? ኬሚስትሪ ላልተማሩ ተማሪዎች የሚመረጥ መጽሐፍ ስለ አቶም፣ ስለ ኬሚካዊ ቦንድና ስለ ውኃ ባሕርይ ራሱ ማስተማር ይኖርበታል፤ ያለዚያ ስለ ፕሮቲንና ስለ ሕዋስ ሽፋን የሚናገረው ሁሉ በቃል የሚሸመደድ ብቻ ይሆናል። ይህ ገጽ በኋላ በመዛኞች መካከል ክርክር ሲነሣ ዳኛ ሆኖ ያገለግላል።

2. የሕትመት መረጃውን ያንብቡ

ይህ አጭር ሥራ ነው። ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ሲያነቡ አዲስ እትምንና ድጋሚ ሕትመትን ይለዩ፤ ባለፈው ዓመት የታተመ መጽሐፍ ይዘቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በየዘርፉ ረቂቁን የገመገሙ ባለሙያዎች መኖራቸውን፣ የእርማት ዝርዝር መውጣቱንና አሳታሚው ስሕተት የሚቀበልበት መንገድ መኖሩን ይመልከቱ። የእርማት ዝርዝር ያለው መጽሐፍ በዚህ ምክንያት ሊናቅ አይገባም፤ እንዲያውም ለጥራቱ የሚጨነቅ ሰው እንዳለው ያሳያል።

3. አራት መፈተኛ ርዕሶች መርጠው እስከ መጨረሻው ያንብቡ

የምዘናው ልብ ይህ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜዎን እዚህ ላይ ያውሉት። እኔ የምመርጣቸው አራት ርዕሶች በሕዋስ ሽፋን በኩል የሚደረግ የውኃ እንቅስቃሴ፣ ብርሃን አስተጻምሮ (ዕፀዋት በብርሃን ኃይል ምግባቸውን የሚሠሩበት ሂደት) እና ሕዋስ ከምግብ ኃይል የሚያገኝበት ሂደት፣ ውርስ፣ እንዲሁም የተፈጥሮ ምርጫ ናቸው። ተማሪዎች ክፍል ከመግባታቸው በፊት ስለ እነዚህ ነገሮች የያዙት የተሳሳተ ግምት ብዙ ነው፤ የቀረው ባዮሎጂም ቢሆን በአመዛኙ የሚቆመው በእነርሱ ላይ ነው። አንዱን ርዕስ በሁሉም መጻሕፍት ጎን ለጎን በአንድ ቀን ያንብቡ፤ አንዱን መጽሐፍ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ለማነጻጸር አይመችም።

ስለ ውኃ እንቅስቃሴ ሲያነቡ መጽሐፉ ሞለኪውሎች ዘወትር በዘፈቀደ እንደሚንቀሳቀሱ ይነግር እንደሆነ ይመልከቱ። ውኃው በሁለቱ ወገን ያለውን መጠን «ለማስተካከል» ብሎ እንደሚሄድ አድርጎ የሚጽፍ መጽሐፍ ለሞለኪውሉ ፍላጎት እየሰጠው ነው። ሚዛን ከተደረሰ በኋላም ውኃ በሁለቱም አቅጣጫ ማለፉን እንደማያቋርጥ፣ የሚቆመው ወደ አንድ ወገን የሚያደላው የተጣራ እንቅስቃሴ ብቻ እንደሆነ ሊናገር ይገባል። የእንስሳ ሕዋስና የዕፅ ሕዋስ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲገቡ የተለያየ ነገር የሚደርስባቸው ለምን እንደሆነ፣ ማለትም የዕፁ ሕዋስ ግድግዳ ግፊቱን እንደሚቋቋም፣ ካስረዳ ተጨማሪ ነጥብ ይገባዋል።

ስለ ብርሃን አስተጻምሮ በሚነበበው ክፍል የመጀመሪያው ጥያቄ የዛፍ ግንድ ክብደት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ብዙ ተማሪዎች ከአፈር ይመጣል ብለው ያምናሉ። ጥሩ መጽሐፍ አብዛኛው ደረቅ ክብደት በአየር ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ የተሠራ መሆኑን ግልጽ አድርጎ ይጽፋል፤ የበለጠ ጥሩ የሆነው ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ያደረገውን ሙከራ ያነሣል። እርሱ አንድ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ውስጥ ተክሎ ለ5 ዓመት ውኃ ብቻ ካጠጣው በኋላ ዛፉ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ጨምሮ፣ አፈሩ ግን ከ100 ግራም ያነሰ ብቻ ቀንሶ አገኘው። ክብደቱ ከአፈር አለመምጣቱን በትክክል ቢያሳይም ሁሉም ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ፤ አየሩን አላሰበውም ነበር። መጽሐፉ ይህን ታሪክ ሲያቀርብ ማስረጃው የት ድረስ እንደሚያስኬድና ድምዳሜው የት ላይ ከማስረጃው እንዳለፈ ካሳየ ተማሪው በአንድ ገጽ ሁለት ትምህርት ያገኛል። ቀጥሎም ዕፀዋት ማይቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ከምግብ ኃይል የሚወጣባቸው ክፍሎች) እንዳላቸውና ቀንም ሌሊትም ከምግብ ኃይል እንደሚያወጡ መጻፉን ያረጋግጡ። «ዕፀዋት ቀን ብርሃን አስተጻምሮ ያካሂዳሉ፣ ሌሊት ይተነፍሳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኙ ገጹን መዝግበው ከባድ ስሕተት ብለው ይያዙት።

በዚሁ ክፍል ስለ ኤ.ቲ.ፒ.፣ ማለትም ሕዋስ ለሥራው የሚሆነውን ኃይል ስለሚያገኝበት ሞለኪውል፣ የተጻፈውንም ይመርምሩ። ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል የሚለው አጻጻፍ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ቦንድ ለመስበር ኃይል ያስፈልጋል፤ ኃይል የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው። ኤ.ቲ.ፒ. ከውኃ ጋር ሲዋሃድ በአጠቃላዩ ኃይል የሚለቀቀው የሚፈጠሩት ውጤቶች ከመነሻዎቹ ይልቅ የረጉ ስለሆኑ ነው። ይህ በጥቃቅን የመሟገት ጉዳይ አይደለም። ተማሪው በኬሚስትሪ ክፍል አንድ ነገር፣ በባዮሎጂ ክፍል ተቃራኒውን ሲማር ሁለቱንም ለፈተና ይሸመድዳል እንጂ አንዱንም አይረዳም።

በውርስ ምዕራፍ ዶሚናንት (ጂኑ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ) የሚባል ባሕርይ በሕዝብ ውስጥ የበዛ ወይም የተሻለ ማለት እንዳልሆነ በግልጽ መነገሩን ይፈልጉ። የሃንቲንግተን በሽታ ዶሚናንት ቢሆንም ብርቅ ነው፤ የደም ዓይነት ኦ ደግሞ ሪሴሲቭ (ጂኑ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይታይ) ሆኖ ሳለ በዓለም ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ምላስን መጠቅለል መቻል በአንድ ጂን እንደሚወሰን የሚያስተምር መጽሐፍ ሲያጋጥምዎ ይጠንቀቁ። ይህ ሐሳብ በ1940 ዓ.ም. የቀረበ ሲሆን (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1952 ከአንድ ዕንቁላል በተገኙ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት አንዱ ምላሱን ሲጠቀልል ሌላው የማይችልባቸው ጥንዶች መኖራቸውን አሳይቷል። የዓይን ቀለምም በብዙ ጂኖች የሚወሰን ነው። እነዚህ ምሳሌዎች ከጥቃቅን ስሕተትነት ያለፈ ጉዳት አላቸው፤ ተማሪው የወላጆቹን ዓይንና ምላስ አይቶ በቤተሰቡ ላይ የተሳሳተ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይችላልና።

የተፈጥሮ ምርጫን በተመለከተ ግሦቹን ይከታተሉ። «ቀጭኔዎች ከፍ ያለውን ቅጠል ለመድረስ ሲሉ አንገታቸውን አስረዘሙ» የሚል ዓይነት አጻጻፍ ለውጥ የሚመጣው በፍላጎት ነው የሚለውን ግምት ያጠናክራል። ትክክለኛ ማብራሪያ ሦስት ነገሮችን ሳያጎድል ይይዛል፦ በአንድ ሕዝበ እንስሳ ውስጥ አስቀድሞ ልዩነት እንዳለ፣ ከዚያ ልዩነት ቢያንስ ከፊሉ እንደሚወረስ፣ አንዳንዶቹም በዚህ ልዩነት ምክንያት ከሌሎቹ የበለጠ ዘር እንደሚተኩ። የሚለወጠው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሕዝቡ እንጂ በዕድሜው ውስጥ ግለሰቡ አይደለም። መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እዚህ ላይ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። መጽሐፉ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን «ተላመዱት» ካለ ወድቋል። በ1943 ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ባክቴሪያን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ጋር በሠሩት ሙከራ፣ ጥቃቱን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት በተከሰተ ሚውቴሽን (በጂን ላይ በሚደርስ ለውጥ) የተገኙ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ይህን ሙከራ በቀላል አቀራረብ ያካተተ የመግቢያ መጽሐፍ ካገኙ ከፍ ያለ ግምት ይስጡት።

4. ያረጁ መረጃዎችን ይፈልጉ

ቀጥሎ ጥቂት ቁጥሮችንና አባባሎችን በቃላት ጠቋሚው አማካይነት እየፈለጉ ያጣሩ። በሰው አካል ያሉ ባክቴሪያዎች ከራሱ ሕዋሳት 10 እጥፍ ይበልጣሉ የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረ ቁጥር ነው፤ በ2016 የወጣ ስሌት ግን ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያና ወደ 30 ትሪሊዮን የሰው ሕዋስ አግኝቷል፤ ይህም ተቀራራቢ ነው። ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል የሚገኘው ኤ.ቲ.ፒ. በቆዩ መጻሕፍት 36 ወይም 38 ተብሎ ሲጻፍ ዛሬ ተቀባይነት ያለው ግምት 30 ወይም 32 ገደማ ነው። ፕሮቲን የሚያሠሩ የሰው ጂኖች ወደ 20,000 ይጠጋሉ፤ 100,000 የሚል መጽሐፍ የሰው ጂኖም ከመነበቡ በፊት የነበረውን ግምት እየደገመ ነው። ምላስ ጣፋጩን በጫፉ፣ መራራውን በሥሩ ብቻ ይለያል የሚል ካርታ ካለበት መጽሐፉ ከሌላ መጽሐፍ ሳያጣራ ቀድቷል ማለት ነው። የሕያዋን አመዳደብም መታየት አለበት፦ ካርል ዎዝና ባልደረባው በ1977 አርኬያ የሚባሉት ኑክሌየስ የሌላቸው ደቂቅ ሕያዋን ከባክቴሪያ የተለዩ መሆናቸውን ካሳዩ ወዲህ አምስቱን ኪንግደም ብቻ አቅርቦ ከኪንግደም በላይ ስላሉት ሦስት ዶሜይን የተባሉ ታላላቅ ምድቦች ምንም የማይል መጽሐፍ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ስሕተት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ መተላለፉ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሰው 48 ክሮሞሶም አለው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ጆ ሂን ትጂዮና አልበርት ሌቫን በ1956 ትክክለኛው ቁጥር 46 መሆኑን እስኪያሳውቁ ድረስ መማሪያ መጻሕፍት 48 እያሉ ከ30 ዓመት በላይ አስተምረዋል። ሆኖም መዛኙ ሁሉንም ስሕተት በእኩል ዓይን ማየት የለበትም። ያረጀ ቁጥር በአንድ መስመር ይታረማል፤ የተሳሳተ የሂደት ማብራሪያ ግን የተማሪውን አስተሳሰብ ስለሚያጣምም መምህሩ በክፍል ውስጥ ሊያቃናው ብዙ ይደክማል። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ ሁለቱን ለየብቻ ይመዝግቡ።

5. ሥዕሎቹን ከጽሑፉ ለይተው ይመርምሩ

የዲ.ኤን.ኤ. ሥዕል ፈጣን መፈተኛ ነው። የተለመደው ዲ.ኤን.ኤ. ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ ስለሆነ፣ ቁም ሆኖ ሲሳል ከፊት በኩል የሚታዩት ዘንጎች ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ መውጣት አለባቸው። በተቃራኒው የተሳለ ከሆነ፣ በተለይም በሽፋኑ ላይ፣ ሥዕሎቹን ባለሙያ እንዳላያቸው ያስጠረጥራል። ከዚያ ወደ ልኬት ይለፉ። በአንድ ገጽ ላይ ቫይረስ፣ ባክቴሪያና የእንስሳ ሕዋስ በእኩል መጠን ተስለው ምንም መለኪያ መስመር ከሌላቸው ተማሪው አንድ ባክቴሪያ ጥቂት ማይክሮ ሜትር፣ የእንስሳ ሕዋስ በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ማይክሮ ሜትር፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ደግሞ ወደ 100 ናኖ ሜትር ብቻ መሆኑን በምንም መንገድ ሊገምት አይችልም። በማይክሮስኮፕ የተነሡ ፎቶግራፎች ማጉያቸው ወይም መለኪያ መስመራቸው፣ ቀለሙም ኋላ የተጨመረ ከሆነ ይኸው ሊገለጽ ይገባል።

ቀስቶችንም ይከታተሉ። በአንድ ሥዕል ላይ ቀስት የቁስ እንቅስቃሴን፣ የጊዜ ቅደም ተከተልንና የኃይል ፍሰትን ያለ ልዩነት የሚያመለክት ከሆነ ሥዕሉ ከማስረዳት ይልቅ ያደናግራል። በካርቦን ዑደትና በምግብ ሰንሰለት ሥዕሎች ላይ ይህ ጉድለት ተደጋግሞ ይታያል። የደም ሥር ሥዕሎች በሰማያዊና በቀይ ቀለም መሳላቸው ነውር የለውም፤ ነገር ግን ሰማያዊው ለመለያ እንጂ ደሙ በእርግጥ ሰማያዊ እንዳልሆነ ከሥሩ መጻፍ አለበት።

ኤርንስት ሄክል በ1874 ያሳተማቸው የፅንስ ሥዕሎችም በአንዳንድ መጻሕፍት እስከ ቅርብ ጊዜ ቆይተዋል። እነዚህ ሥዕሎች በተለያዩ እንስሳት ፅንሶች መካከል ያለውን ተመሳሳይነት ከልክ በላይ ያጎሉ ነበሩ፤ በ1997 ተመራማሪዎች የእውነተኛ ፅንሶችን ፎቶግራፍ አቅርበው ልዩነቱን አሳይተዋል። የፅንሶች ተመሳሳይነት በራሱ እውነት ነው፤ መጽሐፉ ግን በፎቶግራፍ ሊያሳየው ሲችል የተጋነነ ሥዕል የሚጠቀምበት ምክንያት የለም።

6. «ይህ እንዴት ታወቀ?» የሚለው ጥያቄ መመለሱን ይመልከቱ

ለዚህ ደረጃ አንድ ሙከራ ብቻ መርጦ መከታተል ይበቃል፤ እኔ በ1958 በማቲው ሜሰልሰንና በፍራንክሊን ስታል የታተመውን የዲ.ኤን.ኤ. መባዛት ሙከራ እመርጣለሁ። ደካማ መጽሐፍ ሁለቱ ተመራማሪዎች ዲ.ኤን.ኤ. ሲባዛ አንዱን አሮጌ ዘንግ ከአንድ አዲስ ዘንግ ጋር እንደሚያጣምር «አረጋገጡ» ብሎ ያልፋል። ጥሩ መጽሐፍ ግን በቅድሚያ ሦስቱን አማራጭ መላ ምቶች (ሁለቱ አሮጌ ዘንጎች አብረው ይቆያሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአዲስ ዘንግ ጋር ይጣመራሉ፣ ወይም አሮጌውና አዲሱ ተቆራርጠው ይደባለቃሉ የሚሉትን) ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱ እውነት ቢሆን ምን ውጤት ሊታይ እንደሚገባ ተማሪው እንዲተነብይ ይጠይቃል፤ ከዚያም ባክቴሪያዎቹ በከባድ ናይትሮጅን አድገው ወደ ቀላሉ ከተዛወሩ በኋላ ዲ.ኤን.ኤው በእፍጋቱ ሲለይ በመጀመሪያው ትውልድ አንድ መካከለኛ መስመር ብቻ መታየቱ አንዱን መላ ምት፣ በሁለተኛው ትውልድ መካከለኛና ቀላል የሆኑ ሁለት መስመሮች መታየታቸው ደግሞ ሌላውን እንዴት እንደጣለ ያሳያል። ይህን በሁለት ገጽ የሚያቀርብ መጽሐፍ፣ አሥር ሙከራዎችን በአሥር መስመር ከሚዘረዝር እጅግ ይበልጣል።

በተጨማሪም መጽሐፉ በሠንጠረዥና በግራፍ የቀረበ እውነተኛ ውጤት መያዙን፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ለምን እንደሚያስፈልግ መናገሩን፣ ንድፈ ሐሳብ የሚለውንም ቃል ገና ያልተረጋገጠ ግምት በሚል ትርጉም አለመጠቀሙን ያጣሩ።

7. የሙያ ቃላቱን ጫና ይቁጠሩ

ከአንድ ምዕራፍ 10 ተከታታይ ገጾች ይውሰዱና በደማቅ ቀለም የታተሙትን አዳዲስ ቃላት ይቁጠሩ። ከዚያ እያንዳንዱን በቃላት ጠቋሚው ፈልገው ከዚያ ምዕራፍ ውጭ ዳግም ሥራ ላይ ይውል እንደሆነ ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ተጠቅሶ የማይመለስ ቃል ተማሪው ለፈተና ሸምድዶ የሚረሳው ነው። የአሜሪካ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር በ2000 በስፋት ሥራ ላይ የነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መጻሕፍትን ሲገመግም ካገኛቸው ዋና ድክመቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ መጻሕፍቱ በዝርዝርና በቃላት ተሞልተው መሠረታዊ ሐሳቦቹን ግልጽ አላደረጉም። ቃሉ ከሐሳቡ በኋላ መምጣቱንም ልብ ይበሉ፦ በመጀመሪያ ክስተቱ ተገልጾ ተማሪው ስም የሚያስፈልገው መሆኑ ከተሰማው በኋላ ስሙ ቢሰጠው ቃሉ ይጸናል።

8. መልመጃዎቹን ይመድቡ

ከሁለት ምዕራፎች መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ወስደው በገጹ ላይ ያለውን ለማስታወስ ብቻ የሚጠይቁትን፣ ምክንያት የሚያስጽፉትን፣ ያልታየ ሁኔታ ሰጥተው የሚያስተነብዩትንና መረጃ የሚያስነብቡትን ይለዩ። ከጽሑፉ ዓረፍተ ነገር በመገልበጥ ብቻ የሚመለሱት ከግማሽ በላይ ከሆኑ መጽሐፉ መረዳትን አይጠይቅም። መልሶች ከተሰጡ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም መጻፉ፣ ለተሳሳቱት ምርጫዎችም ለምን እንደተሳሳቱ ማብራሪያ መኖሩ ለብቻው ለሚያጠና ተማሪ ትልቅ እገዛ ነው።

9. በተማሪዎች ይሞክሩት

መዛኙ ጉዳዩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የጎደለውን ማብራሪያ ሳያስተውል በራሱ እውቀት ይሞላዋል፤ በዚህ ምክንያት ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ብቻውን በቂ ዳኛ አይደለም። ከሦስት እስከ አምስት ለሚሆኑ፣ ርዕሱን ገና ላልተማሩና ችሎታቸው ለተለያየ ተማሪዎች ሁለት ገጽ ያስነብቡ። መጽሐፉን አስዘግተው ሂደቱን በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱና በእጃቸው እንዲሥሉት ይጠይቁ። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ብዙ ተማሪዎች በአክብሮት አዎን ይላሉ። ሁሉም በአንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ችግሩ የጽሑፉ ነው። በሁለተኛ ቋንቋቸው ለሚማሩ ተማሪዎች ደግሞ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደቆሙ እንዲያሰምሩበት ያድርጉ፤ ያሰመሩት ብዙውን ጊዜ በሙያ ቃላቱ ላይ ሳይሆን በተወሳሰበው የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ላይ ይሆናል።

10. ነጥብ ይስጡ፣ ይወስኑ

ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይመዝኑ፤ ከዚያ ተገናኝተው የተለያዩባቸውን ቦታዎች ብቻ፣ የገጹን ቁጥር እየጠቀሱ ይወያዩ። የገጽ ቁጥር የሌለው አስተያየት በውሳኔው ውስጥ አይግባ። ነጥቦቹን ዝም ብሎ መደመር አይገባም፤ በሥዕል ውበት የተገኘ ነጥብ በተፈጥሮ ምርጫ ላይ የተሠራውን ስሕተት ሊያካክስ አይችልምና። በአራቱ መፈተኛ ርዕሶች ላይ ያለውን ትክክለኛነት እንደ በር ያስቀምጡት፦ ከሁለት በላይ ከባድ የሂደት ስሕተት የተገኘበት መጽሐፍ እዚያው ይቀራል። ካለፉት መካከል በቅድሚያ ለማስረጃ አቀራረቡና ለተማሪዎቹ ሙከራ ውጤት፣ ቀጥሎ ለመልመጃውና ለሥዕሎቹ፣ በመጨረሻ ለሕትመቱ ጥራት ክብደት ይስጡ። ዋጋ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተነሣ ምዘናውን ሁሉ ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

የትኛውም መጽሐፍ በሩን ባያልፍ፣ ስሕተቶቹ በአመዛኙ በቁጥርና በሥዕል ላይ የሆኑትን፣ የሂደት ማብራሪያው ግን ከሌሎቹ ይልቅ ጤናማ የሆነውን ይምረጡ። ለተቀሩት ጉድለቶች በምዕራፍና በገጽ የተደራጀ የእርማት ወረቀት አዘጋጅተው ከመጽሐፉ ጋር ለተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ያድሉ፤ አንድ ቅጂም ለአሳታሚው ይላኩ።